የዳኘው ብስክሌት

ወረታ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ከሜዳው ጉም ይነሣል። ይህን ስጽፍ ጎረቤቴ ባየች አጠገቤ ናት፤ የቀረው ሰው ደጅ ነው።

እጅግ የማከብርዎት እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የመተማ ሙቀት ጉልበትዎን አላደከመውም? እኔ ደህና ነኝ። ሩዙም ዘንድሮ ፍሬ ይዟል።

በየደብዳቤዎ «የወንድሜን ሬሳ ሳታዪ ለቅሶ እንዳትቀመጪ፤ በቁሙ እንዳትቀብሪው» ይሉኝ ነበር። ቃልዎን ጠብቄ ኖርሁ። በነሐሴው ሙላት ሌሊት ከብት ሊያወጣ ወርዶ ከብቶቹ ብቻ ከተመለሱ ወዲህ፣ «ዳኘው የት ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ወንዝ ወርዷል» እላለሁ። ውሸትም አይደል።

ቅዳሜ የሩዝ መፈልፈያውን የሸጠልን ድርጅት ሠራተኞች በብስክሌት መጡ። ለሚሌኒየሙ ብለው ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ በሐሙሲት በኩል ደንበኞቻቸውን እየጠየቁ፣ የደረሱበትን ከተማ እየተዘዋወሩ ያያሉ። ገበያተኛው ጠባብ ቁምጣቸውን አይቶ ሣቀ። አንዱማ ድርጅታችሁ ነዳጅ አለቀበት ወይ ቢላቸው እነሱም አብረው ሣቁ።

አለቃቸው ሀይለየሱስ ይባላል። ዳኘውን ጠየቀኝ። አፌ እንደ ለመደው «ወንዝ ወርዷል» አልሁ። እንግዲያው እንጠብቀዋለን አለ። ለካ ከፊት ከፊት እየሄደ ከተማውን እንዲያሳያቸው፣ ኋላም ስጦታው እንዲሆን፣ ትርፍ ብስክሌት በመኪና ጭነውለት መጥተዋል።

ምሳ አቀረብሁ። ባለቤቱ ሳይመጣ አንቆርስም አሉ። እንጀራው እየደረቀ እነሱም እኔም በሩን እናያለን። ባየች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ስጠብቅ ምን እንደምመስል ያን ጊዜ አየሁት።

በስንት ልመና ቀመሱልኝ። ከዚያ እኔው ላሳያቸው ወጣሁ። መንዳት አላውቅምና የእሱን ብስክሌት በእጄ እየገፋሁ ፊት ፊት ሄድሁ። ገበያውን አዩ፣ በሩዙ ማሳ መካከል ፎቶ ተነሡ። በመጨረሻ ወንዙ ዳር ደረስን።

ፍሬህይወት የምትባል ሣቂታ ልጅ አብራቸው ነበረች። የወረደው እዚህ ነው ወይ ብትለኝ አዎ አልኋት።

«ታዲያ እንጥራቸዋ» አለችና እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። «ጋሼ ዳኘው!»

የቀሩትም ተከተሏት። «ጋሼ ዳኘው! እንግዶችዎ መጥተናል!»

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስሙን ጮኾ የጠራው አልነበረም። ነጫጭ ወፎቹ ከሸምበቆው ተነሡ። ውሃው እንደ ሁልጊዜው ይወርዳል። ሁላቸውም ጆሯቸውን ሰጥተው ሲያዳምጡ እኔም አዳመጥሁ።

«አቤት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው ከእኔ አፍ መውጣቱን ያወቅሁት።

ሀይለየሱስ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲሰናበቱ ልጅቱ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ብላ እዚያው ቆየች። ብስክሌቱን ከበራችን አስደግፈውት ሄዱ።

እትዬ፣ ይህን ወረቀት የያዙት ሽማግሌዎች አስቀድመው በማለዳ ያነጋግሩዎታል። ቃልዎን አፍርሻለሁና ቢቆጡኝም እችለዋለሁ። ፈጣሪ ጉልበቱን ይስጥዎ፤ እሱን ያሳደገው እጅዎ ዋጋውን አይጣ። እግዚአብሔር ያጽናዎ።

እንግዶቹ በሄዱ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስሁ። የእድራችንን ጥሩንባ ነፊ መንግሥቴን ቀስቅሼ ንፋ አልሁት። የአባታችሁ ለቅሶ ዕለት በቅሏቸው ተጭና፣ ካባቸው ላይዋ ሆኖ፣ በሕዝቡ መካከል ስትዞር አብረን አይተናል። ዳኘው በቅሎ አልነበረውም። ካፖርቱን ከሣጥን አውጥቼ የብስክሌቱን እጀታ አለበስሁት፤ ባርኔጣውን መቀመጫው ላይ አሰርሁ። ከዚያ በሩን ከፍቼ፣ እየገፋሁ ወደ ሰዉ መካከል ይዠው ወጣሁ።

የወንድምዎ ሚስት