ዘግቼልሻለሁ

ውድ እታለም፣

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስልክ አላመንኩም። ለምን እንደሆነ አሁን ትደርሺበታለሽ።

አባባ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ አንደበታቸውም ተይዟል። የቀረቻቸው ደስታ አንዲት ብቻ ናት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቋትን የባቡር ማቋረጫ ማየት። ከሰዓት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበራቸው እየገፋሁ እወስዳቸዋለሁ። ደወሉ ሲጀምር አንገታቸው ቀና ይላል። ቀይ መብራቶቹ ተራ በተራ ቦግ እልም ሲሉ፣ የመንገዱ ማገጃ እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ፣ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ግራው መብራት ደከም ካለ በደህናው እጃቸው ይጠቁማሉ፤ እኔም ሄጄ በሳቸው ቦታ ለተተካችው ጠባቂ እናገራለሁ። "አባትሽ ጡረታ የወጡ አልመሰላቸውም እንዴ?" ትለኛለች። መብራቱን ግን ሄዳ ትወለውለዋለች።

ባለፈው ሰኞ ባቡሩ ሲቃረብ ሬዲዮዋን አንስታ "ዘግቼልሃለሁ፣ ና!" ብላ ጮኸች።

ክው አልኩ።

"ማንን ነው እንደሱ ያልሽው?"

"የባቡሩን ነጂ ነዋ! መኪናውንም ሰዉንም አቁሜልሃለሁ፣ መንገዱ ያንተ ነው ማለቴ ነው። የጠባቂ ልጅ ሆነሽ ይሄ ይጠፋሻል?"

ጠፍቶኝ ነበር፣ እታለም። አንቺም ጠፍቶሽ ነበር። አባባ ያልወደዱትን ሰው አግብተሽ ከሄድሽ በኋላ፣ በስንት ጭንቀት ወደ ማቋረጫው ጥበቃ ቤት ደውለሽ "አባባ፣ ልምጣ?" ያልሻቸው ቀን ደወሉ እየጮኸ ነበር። መልሳቸውን ጮክ ብለው ተናግረው ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጉት፤ ባቡር ማሳለፍ ነበረባቸዋ። ማታውን ለኔ ደውለሽ "ዘግቼብሻለሁ አሉኝ" ብለሽ ስታለቅሺ አብሬሽ አለቀስኩ። "ዘግቼልሻለሁ" ብለው ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? በአንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ዓመት ተለያየን።

አባባም ሲጠብቁሽ ኖሩ። አንዴ "ጠርቻት ቀረች" ሲሉኝ በሆዴ "ውሸታም ሽማግሌ" ብዬ ፊቴን አዞርኩባቸው። እሳቸውም ኩሩ ናቸው፣ ሁለተኛ አላነሱትም። አንደበት እያላቸው ምነው አንድ ጊዜ በጠየቅኳቸው! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰኞ ዕለት ጎንበስ ብዬ "አባባ፣ ያን ጊዜ ለእታለም ያሏት ይሄንኑ ነበር?" አልኳቸው። ደህናው እጃቸው እጄን ጨምድዶ ያዘኝ። ባቡሩ አልፎ፣ ማገጃው ተነስቶ፣ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲሄዱም አልለቀቁኝም።

ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠንም። ባልሽንም ልጆችሽንም ይዘሽ በባቡር ነይ። ባቡሩ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ በመስኮት ብቅ በይ፤ ከማገጃው አጠገብ ታዪያቸዋለሽ። እሳቸው መናገር ስለማይችሉ እኔ ልጻፍላቸው፤ ዳግም እንዳንሳሳት ፊደሏን አድምቄያታለሁ።

ዘግቼልሻለሁ፣ ነይ።

ታናሽ እህትሽ፣
በአባባ ስም