እንግዳ ይቀመጣል፣ የቤት ልጅ ይቆማል

ለልጄ ለዩኑስ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር መልስህን የሚያደርስልኝ የለም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሹዋሊድ በደረሰ ቁጥር ትመጣ ስለነበር ዘንድሮም ለበዓሉ የላይኛውን ክፍል ጠረግኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ፤ ለማን እንደሆነ ያሰብኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። አንሶላውን መልሼ አላነሳሁትም። እንደተነጠፈ አለ።

የምጽፍልህ በአማርኛ ነው። የቤታችንን ቋንቋ አፌ እንጂ እጄ አያውቀውም፤ ትምህርት ቤት ያስጨበጡኝ ፊደል ይሄ ነው። አንተ ደግሞ አማርኛን ከእኔ ፈጥነህ ታነብ ነበር። እኔ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ከዙሁር ሰላት በኋላ ጀምሬ ለአሱር ውዱእ ላደርግ ስነሳ ገጹ ገና አልሞላም። ልጄ ነጃት አይታኝ «አንቺ ተናገሪ፣ ስልኩ ራሱ ይጽፍልሻል» አለችኝ። ለልጅ የሚጻፍ እንዲያ አይሆንም አልኳት።

ቤቱ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ክፍልህ ውስጥ ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። ፈረስ መጋላን ብታየው አታውቀውም፤ ሱቆቹ በአንድ ቀለም ተቀብተዋል፣ ባጃጆቹም እንደ ድሮው መንገድ ዘግተው አይቆሙም። ፈላና በር ያለችው ቅመም ሻጭ «ያ ረጅሙ ልጅሽ የት ጠፋ» እያለች ስትጠይቀኝ ከርማ ነበር። አንድ ቀን ጨክኜ ነገርኳት። የያዘችውን ሚዛን አስቀመጠች። ገዢዎቹም ቆመው ጠበቋት።

መንገዱ ሁሉ ያውቅህ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘህ ከቤት ትወጣለህ፤ ስትሄድ በአማርኛ ትለዋለህ፣ ስትመለስ በጀርመንኛ ትለዋለህ። ካልጣመህ ደግሞ ከበሩ ትዞራለህ። የሰፈሩ ሕፃናት «ዩኑስ ዛሬም ከራሱ ጋር ተጣላ» ይሉ ነበር። ስምህ ዮናስ ነው፤ ጀጎል ውስጥ ግን ዩኑስ ካልንህ ወዲያ ያኛውን ያነሳ የለም።

መጀመሪያ የመጣህ ጊዜ ተማሪ ነበርክ፣ ጺምህ እንኳ በቅጡ አልሞላም። ክረምቱን አማርኛ ልታጠና ክፍል ተከራየኸን። በማግስቱ ቁርስ ሳቀርብልህ ነጃት «አይ» ብላ ስትጠራኝ ሰማህና ሳቅህ አመለጠህ። በእኛ ቋንቋ አይ ማለት እናት እንደሆነ ነገረችህ። አንተም አማርኛ ስትማር አይ ማለት እምቢ እንደሆነ ተምረህ መምጣትህን ነገርከን፤ በሀገርህ ቋንቋ ደግሞ አይ ማለት እንቁላል ነው አልክ። ሳህኑ ላይ የነበረውም እንቁላል ነው። ባለቤቴ ሐጂ፣ በኋላ አንተም አባቴ ያልከው፣ «እንግዲህ ይህ ልጅ ሲርበውም ሲናፍቀውም አንድ ቃል ይበቃዋል» አለ። የወለደችህ እናት በሕፃንነትህ እንደሞተችብህ ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ አንተም አይ አልከኝ። እኔም አቤት አልኩህ።

ከዚያ ወዲያ ዓመት ዓመት ስትመላለስ ጸጉርህ ሸበተ። በሀገርህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆንክ፤ ስለ ድሮ ጸሐፊዎቻችሁ ትልልቅ መጻሕፍት ጽፏል ይሉኛል። እኔ የማውቀው ግን ከእኛ ወደ እናንተ ያሻገርከውን ነው፤ የአማርኛውን ልብ ወለድ፣ አጫጭሮቹን ታሪኮች። ጥያቄህ አያልቅም ነበር። «አይ፣ ለቅሶ ይደረሳል ይላል፤ ለቅሶ ቦታ ነው እንዴ የሚደረስበት?» ትለኛለህ። «አንጀቴን በላው ይላል፤ ታዲያ አንጀቱን የበላውን ሰው ለምን ይወደዋል?» ትለኛለህ። እኔ ምን ብዬ ላስረዳ። እንዲሁ ነው የሚባለው እልህና ወደ ሥራዬ እዞራለሁ። «እንዲሁ ነው ሲሉኝ የእኔ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው» ትል ነበር።

የዚያ ልጅ ነገር ደግሞ አይረሳኝም። አባቱ ስለሞተበት ልጅ የሚያወራ አጭር ታሪክ ተርጉመህ ነበር። ታሪኩ ውስጥ ሰው ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ልጁ ግን በሩ ላይ ቆሟል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ የእሱ ዓይን ደርቋል። አንተ ያወጣኸው ከቤተሰቡ የራቀ፣ ሐዘን የማይነካው ሰው አድርገህ ነው። መጽሐፉ ታተመ። የሀገርህ አንባቢዎችም እንዴት ያለ ልበ ደረቅ፣ እንዴት ያለ ብቸኛ ልጅ ነው ብለው ወደዱት። ጋዜጣ ላይ ሁሉ ተጻፈ ብለህ ነግረኸን ነበር።

አባትህ ሐጂ ሲሞት መጣህ። ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ገባህ፤ ወንዶቹም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው ብለው ከፍ ያለው መደብ ላይ ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጡህ። ጉልበትህን አቅፈህ አንገትህን ደፍተህ ሳለ ነጃት በበሩ ብቅ ብላ አየችህ። አነጋገሯን ታውቀዋለህ። «አንተ ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው? ተነስ እንጂ አቦ። የሞተው አባትህ ነው ወይስ የጎረቤት? የሰው እጅ ውሃ ይፈልጋል፣ ጫማው በሩ ላይ ተከምሯል።» ሽማግሌዎቹ «ተይው፣ እንግዳ ነው» አሏት። «እንግዳ ይቀመጣል፣ የቤት ልጅ ይቆማል» አለችና ማስታጠቢያውን አስጨበጠችህ።

ተነሳህ። የመጣውን ሁሉ ስታስታጥብ፣ ጫማ ስታስተካክል፣ ሻይ ስታመላልስ ዋልክ። አንዴ ውሃውን በሰው እጅጌ ላይ እያፈሰስክ ፈዘህ ቀረህ። የመንገዱ ድካም መስሎኝ ነበር። ሰው ቀለል ሲል ወደ እኔ መጣህና «አይ፣ ያን ልጅ በሀገሬ ስሙን አጥፍቼዋለሁ» አልከኝ። የቱን ልጅ ስልህ የታሪኩን ልጅ ነገርከኝ። «የቆመው የማይገደው ሆኖ መስሎኝ ነበር። ልጅ ስለሆነ ነው ለካ የቆመው። ያላለቀሰውም እጁ ሥራ ስለያዘ ነው።» በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ። ያልተፈጠረ ሰው ስሙ አይጠፋም አልኩህ። አንተ ግን አልቀለለህም። ሀገርህ እንደገባህ ለአሳታሚው ነግረህ ሁለተኛው ዕትም ላይ አቃናኸው። የመጀመሪያውን የወደዱት አንባቢዎች ታሪኩን አበላሸኸው ብለው እንደተቆጡህ በስልክ ስትነግረኝ ድምፅህ ደስ ብሎት ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። መታመምህን ደብቀኸን ከረምክ። ጥቂት ሥራ ይዞኛል፣ ለሹዋሊድ እመጣለሁ ኢንሻአላህ አልከኝ። ድምፅህ ሰለል ብሎ ነበር። ብርድ ነው አልክ፣ ብርድ ይሆናል አልኩ። የሀገርህን ብርድ አላውቀው። ወሬው ለነጃት የደረሳት ከተቀበርክ በኋላ ነው። ልጄ ሞተ ብዬ ቤቴን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ለቅሶህን የሚቀመጥልህ ግን አላገኘሁም።

አፎቻችን፣ በሰርግም በለቅሶም የማይለየን የሴቶች ማኅበራችን፣ ያን ቀን ተቸገረ። ባል ሲሞት ይቀመጣሉ፣ ልጅ ወይ ወንድም ሲሞት ይቀመጣሉ። ለተከራይ ተቀምጠው አያውቁም። ሃይማኖትህ ሌላ፣ መቃብርህም ሩቅ። የማኅበሩ መሪ አይ ራህማ ክፉ ሰው አይደሉም። እጄን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ አላህ ያጽናሽ። ግን ላንቺ እንግዳ ከተቀመጥን፣ ነገ እንግዳ የሚያሳድሩ ሁሉ ጥሩን ቢሉ ምን እንመልሳለን?» አሉኝ። ከጎናቸው አንዷ «ያኔማ ቤታችንን ቆልፈን ለቅሶ ቤት ማደር ነው» አለችና አሳቀቻቸው። እንግዳ አይደለም ማለት አቃተኝ። ክፍል ተከራይቶ የገባን ሰው ልጄ ነው ለማለት የሚያሳይ ምን አለኝ?

አንድ በአንድ እየመጡ በርቺ ብለውኛል፣ አልዋሽባቸውም። ግን አንድ በአንድ መምጣትና አብሮ መቀመጥ ለየቅል ነው። አንዷ ስትመጣ ስለ ኑሮ አውርታ ትሄዳለች። ሲቀመጡ ነው ሐዘን ሐዘን የሚሆነው። እኔም የማይገባኝን የወሰድኩ ይመስል ለቅሶዬን ደብቄ ከረምኩ። ሰው ሲመጣ ዓይኔን ሽንኩርት ነው እላለሁ።

ያለፈው ወር እህትህ ካትሪን መጣች። እንዳንተው ረጅም ናት፤ ስትገባ የበሩ ጉበን ግንባሯን መታት። መጻሕፍትህን ይዛልኝ ነው የመጣችው። አንተ ባስተማርካት ጀርመንኛ ነጃት እያስተረጎመችልን እንዴት እንደቀበሩህ ጠየቅኳት። አጭር ሥርዓት ነበር አለች፤ ሙዚቃ ተመታ፣ ሁለት ሰዎች ስለ ሥራው ተናገሩ፣ ከዚያ ሰው ወደየጉዳዩ ሄደ። እሷም በማግስቱ ሥራ ገባች። «እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ቦታ አላገኘሁም» አለች። ነጃት ቦታ የምትለውን ቃል ደግማ አረጋገጠችልኝ። ለካ ያን ጊዜ የጠየቅከኝ እውነት ነው፤ ለቅሶ ቦታ ነው፣ ይደረስበታል።

ሻሼን አስሬ አይ ራህማ ቤት ሄድኩ። ለእኔ ካልሆነ ለዚች ልጅ ተቀመጡላት አልኳቸው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከዚያ «ሐጂ የሞቱ ቀን ስገባ ጫማዬን ተቀብሎ ያስቀመጠልኝ እሱ አይደለም?» አሉ። እሱ ነው አልኳቸው። «ስወጣም አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አኖረልኝ። ስንት ለቅሶ ቤት ጫማ ጠፍቶብኝ በሰው ጫማ ገብቻለሁ፤ ያን ቀን አልጠፋብኝም» ብለው ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። «እንግዳ ጫማ አያነሳም። የእሱን ጸሎት ወገኖቹ ያውቁበታል። እኛ የምንቀመጠው ለእናቱ ነው። ሳትመጪብን መምጣት ነበረብን» አሉኝ።

በማግስቱ ቤቱ ሞላ። ካትሪንን መሃላቸው አስገቧት። መጀመሪያ እጇን የምታደርግበት አጥታ ነበር። የሁሉም ዓይን ሲረጥብ አየችና አንድ ጊዜ ገነፈለች። አይ ራህማ ጀርባዋን እያሻሹ በቋንቋችን ያጽናኗታል፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልስላቸዋለች፤ እንዲህ ሲሉ ቆዩ። ነጃት ልታስተረጉም ብትል ተይ አልኳት። አንተ ብትኖር ወረቀትህን ታወጣ ነበር።

ግን ዘግይቷል ልጄ። የዘገየ ለቅሶ እንደ በረደ ምግብ ነው፤ ያጠግባል እንጂ አያሞቅም። በሩ ላይ የሚቆም ወንድ ልጅም አልነበረም። ነጃት ውስጥም ውጭም እያለች ሁለት ሰው ሆና ዋለች፤ የሴቶቹ ጫማ ተደበላልቆ ሲወጡ ሲነታረኩ ነበር። ሲያመሹ ባየህ፣ ሲያነሱህም በሰማህ አልኩ። ልጇ ነው ያሉህ ከሞትክ ወዲያ ነው፤ ከነሕይወትህ ቢሉህ ምን ነበረበት። እኔም ሰው ፊት ቀድሜ ልጄ ብልህ ምን ነበረበት።

መጻሕፍትህ ግድግዳው ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። አንዱንም ማንበብ አለመቻሌ ይቆጨኛል። ነጃት ያን ታሪክ አውጥታ ልጁ የቆመበትን መስመር አሳየችኝ። ረጅም መስመር ነው። ጣቴን አሳረፍኩበትና ዘጋሁት።

ትናንት ከድሬዳዋ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የገጠር ሴት ልጆች አሉሽ ወይ አለችኝ። እስከ ዛሬ ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ እያልኩ አልፍ ነበር፤ አንተን ለማስረዳት ወሬው ስለሚረዝምብኝ። ሁለት፣ ወንዱ ሞቶብኛል አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች። ምን ይሠራ ነበር አለችኝ። ከአገር ወደ አገር ያሻግር ነበር አልኳት። «የጭነት መኪና ነው?» አለች። አዎ አልኳት፣ ከባድ ነበር ጭነቱ። አላህ ያጽናሽ አለችኝ፣ አሚን አልኳት። እስክትወርድ ድረስ እጄን ይዛኝ ነበር።

ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲሁ ነው የምለው፣ ዩኑስ። ሁለት ወልጃለሁ እላለሁ።

እናትህ