ያልደረቀው የእማማ ሰላጣ

ባሕር ተሻግረሽ ታሶስ ለምትኖሪው እህት ዓለሜ ለፊሊኖ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ዲፊሎስስ ደኅና ነው? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ አወጣ ወይስ እንደ አያታችን እንደ አባባ ድዱን እያሳየ ይስቃል? አማትሽስ አሁንም የምስር ሾርባሽን ሳይቀምሱ "ጨው በዝቶበታል" ይላሉ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ። ቤተሰቡም ሁሉ ደኅና ነው፤ አባባን ብቻ ወገባቸውን ያማቸዋል። ምክንያቱን ስነግርሽ እንዳትስቂ አልልሽም፤ ሳቂ።

የአዶኒስ ልቅሶ ደርሶ ነበር። እንደምታውቂው ሃያ ዓመት ሙሉ የመንደራችን ሴቶች የሚያለቅሱት እኛ ጣሪያ ላይ ነው፤ ልቅሶውንም የሚመሩት አያታችን እማማ ናቸው። ዘንድሮም በየገሉ ላይ ሰላጣና እንስላል ዘርተው ፀሐይ እንዲመታው ጣሪያ ላይ አወጡት። ቶሎ በቅሎ ቶሎ ሲደርቅ፣ አምላካችን አፍሮዲቴ ውዷን አዶኒስን በለጋነቱ በሞት እንደተነጠቀች እያሰብን እናለቅስለት የለ? እማማም ድምፃቸው እንዲከፈት ጠዋት ጠዋት በማር ውሃ ይጉመጠመጡ ነበር፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯቸው ያላዝናል።

ሰላጣው ግን አልሞትም አለ። የሰው ሁሉ ቡቃያ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ የእማማ ተንሰራፋ። ጎረቤታችን እትዬ ኮሪኖ መሰላሉን ወጥተው አዩና፣ "ውይ እማማ ሊሲላ፣ አፍሮዲቴ የርስዎን እንባ ጠግባ ይሆናላ! ያልሞተ ነገር እንዴት ይለቀሳል? በበዓሉም ቀን እንዲሁ ለምልሞ ካገኘሁት ከበሮውን ወደኔ ጣሪያ እወስዳለሁ" አሏቸው። እማማ ጓዳ ገብተው ተኙ። የዚያን ቀን ምሳም አልበሉም። እማማ ምሳ ሲተዉ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በሕይወቴ አላየሁም።

ነገሩ ስላላማረኝ አደፈጥኩ። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ሲያንቀላፋ፣ አባባ ማሰሮ ታቅፈው በዚያ በሚብረከረክ ጉልበታቸው መሰላሉን ሲወጡ ያዝኳቸው። "አባባ! የሴቶች ነገር እኮ ነው፣ ወንድ አይነካውም!" ብላቸው፣ "ዝም በይ አንቺ ምላሳም! ስልሳ ዓመት ያረስኩ ሰው የተጠማ ቡቃያ አይቼ ልለፍ? መድረቁን ይድረቅ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ ግን አይደርቅም" አሉኝ። ማሳቸውን ለአጎታችን ትተው ወደ ወደቡ ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው በርቶ አላየሁም። ብናገር እሳቸው ጉዳቸው ይፈላል፤ ዝም ብል እማማ ልቅሷቸውን ይነጠቃሉ። ስለዚህ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ የዚህ ወር ፀሐይ በግማሽ ቀን ያጠወልገዋል ብዬ፣ በበዓሉ ቀን መሰላሉን አንስቼ ጓሮ ደበቅሁት። ለካ አባባ ቀድመውኝ ወጥተው ኖሯል!

ቢጣሩ ምስጢራቸው ሊወጣ፣ ቢዘሉ እግራቸው ሊሰበር! ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ እማማ "ይኼን መሰላል ማን ነው የወሰደው?" እያሉ አስፈልገው ሲያስቆሙት፣ አባባ ለልቅሶው ከዋዜማው ጣሪያ ላይ ያዘጋጀነው፣ ከሰም የተሠራው የአዶኒስ ምስል የተኛበት አልጋ ላይ ወጥተው ሐምራዊውን ጨርቅ ተከናንበዋል። እኛ ስንወጣ ሰላጣው አረንጓዴ፣ አፈሩም እርጥብ ነው። እትዬ ኮሪኖ ፈገግ ብለው ከበሮውን አነሱ። እማማ ጨነቃቸውና "ወዮ ልጅነትህ!" ብለው አልጋው ላይ ተወረወሩ። ከጨርቁ ሥር "ወዮ ወገቤ!" የሚል ድምፅ ወጣ።

ሴቶቹ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ከበሮ ጣለ። እማማ ጨርቁን ሲገልጡት ያ የሚያበራው ራሰ በራ ብቅ አለ፤ ማሰሮው እቅፋቸው ውስጥ ነው። ሁሉም ገባቸው። እትዬ ኮሪኖ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እማማ ቀድመው ደረታቸውን መቱና በዚያ በማር በተሞረደ ድምፃቸው፦ "ወዮ አዶኒስ፣ ጸጉርህን ማን ላጨው! ጥርስህን ማን ለቀመው! ለአንድ ዓመት ብትለየኝ እንዲህ ታረጅ!" ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከሳቁ መሐል እንባው መጣ፣ እንባውም ልቅሶ ሆነ፤ እንደ ዘንድሮ ተለቅሶም አያውቅ። እትዬ ኮሪኖ ራሳቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ከበሮውን እማማ እግር ሥር መልሰው አስቀመጡ።

በነጋታው አባባ ለቅጣታቸው ገሉን ሁሉ ተሸክመው ከኋላችን እያነከሱ ባሕር ድረስ መጡ። ሁሉም እንደ ልማዱ ባሕር ውስጥ ሲጣል አንዷን ሰላጣ ካባቸው ሥር ሲሸጉጡ እኔ አይቻለሁ። አሁን ደጃችን ላይ በማሰሮ ተተክላለች። እማማ "ይቺን ነገር ከዓይኔ አርቅልኝ!" ብለው ሦስት ቀን ጮኹ። ዛሬ ጠዋት ግን ግራ ቀኙን አይተው፣ ሰው የለም ብለው፣ የተጉመጠመጡበትን የማር ውሃ ትራፊ አፈሰሱላት።

መሰላሉን ማን እንደወሰደ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እዚያው ይቅር። ዲፊሎስን ሰላም በይልኝ፤ አማትሽንም እጅ ንሺልኝ፤ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። እናታችንና አባታችን ይስሙሻል። እማማ ከነድምፃቸው፣ አባባ ከነወገባቸው፣ ሰላጣዋም ከነቅጠሏ ሰላም ብለውሻል።

የምትወድሽ እህትሽ ሚካ

ፒሬዎስ ወደብ፣ አዶኒስ በተለቀሰ በአምስተኛው ቀን።