ቁልፉ በወንድሜ ኪስ የቀረ የሙታን ስም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ገሠሠ፣ ጁባ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት ከኛም ይብሳል ይላሉና ሰውነትህ ቻለው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም እዚያው አቦቦ፣ መንደራችን ናቸው፤ ዓይናቸው ቢደክምም እግራቸው ገና ጠንካራ ነው። የዘንድሮው በቆሎም ክፉ አይደለም። ስልክህ ከሐምሌ ጀምሮ ስለማይሠራ ይህን ደብዳቤ በማታር በኩል ድንበር ለሚሻገረው ነጋዴ ለሙሐመድአሚን ሰጥቼዋለሁ። ደስ ብሎኝ የጻፍኩት አይደለም።

በሰፈራው ዓመት፣ በሰባ ሰባት፣ ወባ የፈጃቸውን የመንደራችንን ሰዎች አባባ በደብተር መዝግበው እንደኖሩ ታውቃለህ። ሠላሳ አንድ ነፍስ፣ ሁሉም ያለ ፍትሐት የተቀበሩ። ዘር ሳይተርፍላቸው ያለቁ ቤቶች አሉ። የቤት ስማቸውን ሽማግሌው ሁሉ ያስታውሳል፤ የክርስትና ስማቸውን ግን ከዚያ ደብተር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቄሱም በጸሎት የሚያነሡት በክርስትና ስም ነው።

አንተ ኮምፒውተር ተምረህ ስትመጣ ዝርዝሩን በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጻፍከው። ከእንግዲህ ምስጥም አይበላው፣ ዝናብም አያርሰው ብለህ ደብተሩን አስጣልካቸው። እሳቸውም የሙታን ስም እግር ሥር አይወድቅም ብለው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት፤ ዛሬ አፈር ሆኗል። ያተምክላቸው ወረቀት በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ከሣጥን እየወጣ ይነበብ ነበር፤ በዚህ ክረምት ምስጥ ጨረሰው። ኮምፒውተሩም በነሐሴ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተቃጠለ። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያ ኮፒ ሳነሣ የምውለው ሴት፣ ለራሴ አንዲት ኮፒ አላስቀረሁም። ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ።

እዚህ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው ኦቹዶ ፋይሉን ከተቃጠለው ውስጥ አወጣልኝ። በአዲሱ ዊንዶውስ ስንከፍተው ግን የፈረንጅ ፊደልና ሰረዝ ተደባልቆ ተዘረገፈ፤ አንድ የሚነበብ ስም የለም። ፕሮግራሙን ልጫነው ቢል አዲሱ ዊንዶውስ አልቀበልም አለው። እሱ መች ተስፋ ይቆርጣል፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የድሮውን ዊንዶውስ አስነሣና ፕሮግራሙ ተጫነ። እልል ልል ስል የመክፈቻ ቁልፍ ቁጥር ጠየቀን። ያን ቁጥር በኪስ ማስታወሻህ የጻፍከው አንተ ነህ። ሦስት ቀን የመሰለንን ሁሉ ሞከርን፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ኦቹዶ፣ «ሺታዬ፣ ማሽን እኔ አሸንፋለሁ፤ ወንድም ግን አንቺ ፈልጊ» አለኝ።

አንጀቴ እርር ብሏል፣ ወንድም ጋሼ። መሄድህ አይደለም የሚያበግነኝ፤ ሰው ይሄዳል። የሠላሳ አንድ ሰው ስም ቁልፍ በኪስህ ይዘህ ድምፅህን ማጥፋትህ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አባባ ባዶ እጃቸውን ከኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቄሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝና፣ የሚያስታውሱትን ያጽፉሽ አሉ። አራት ብቻ መጣላቸው፤ አራቱም የገዛ ዘመዶቻቸው። የሌሎቹን መልክ፣ የተቀበሩበትን ዛፍ፣ ማን ለማን መቃብር እንደቆፈረ ሳይቀር ይናገራሉ፤ የክርስትና ስማቸው ግን ከአእምሯቸው ጠፍቷል። በሰው ፊት አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ቁጥሩን ፈልገህ በሙሐመድአሚን እጅ ላክልኝ። ማስታወሻው ጠፍቶ ከሆነም ጠፋ በለኝ፤ ልወቀው።

እህታችን አይናለም ናፍቆቷ በርትቶባታል፤ ልጇ ቤርሳቤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ሁለቱም ሰላም ይሉሃል። ኦቹዶም ሳያውቅህ ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩም። የዚያን ዕለት አራቱን ካጻፉኝ በኋላ አምስተኛ አድርገው ያንተን የክርስትና ስም ነገሩኝ። ቄሱ፣ ይሄ በሕይወት ያለ ነው ወይስ የሞተ ብለው ጠየቋቸው። አለ ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እህትህ ሺታዬ
ጋምቤላ፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.