የጣሊያኑ ትራም ነጂ ለሚስቴ ስለሚናገረው ነገር

ለክቡር አቶ ስማቸው
የሠፈራችን መዝናኛ ክበብ ኃላፊ
እንጅባራ

ጤናዎ እንደ ክበብዎ ድምፅ ማጉያ ከሩቅ የሚሰማ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እኔ ከአዲስ ቅዳም ከሰል እያመጣሁ የምሸጠው ባንተአምላክ፣ ትዳሬን እያመሰ ስላለው ፊልም በታላቅ አክብሮት አቤት እላለሁ።

አንደኛ፣ በሮም ከተማ ስለሚኖሩ ባልና ሚስት የዕለት ኑሮ የሚያወሳውን የጣሊያን ፊልም ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል በክፍል ስለሚያሳዩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰውየው ትራም የሚሉትን የከተማ ባቡር ሲነዳ ውሎ፣ ነጭ ሸሚዙ ሳይጨማደድ ቤቱ ገብቶ ሰሃን ያጥባል። ባለቤቴ ስሜነሽም ከዚያ ወዲህ እኔ ከሰል በከሰል ሆኜ ስገባ እጄን እያየች በረጅሙ ትተነፍሳለች። ይሁን ብዬ ሰሃን አጠብኩ። ሁለቱን ሰበርኳቸው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙን በማይክሮፎን ወደ አማርኛ የሚመልስልን አበረ ጣሊያንኛ የት እንደተማረ ቢገልጹልን ደስ ይለን ነበር፤ ከዳንግላ አልፎ መሄዱን የሰማ የለምና። ይህ አበረ ከእኔ በፊት ስሜነሽን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ እንቢ የተባለ ሰው መሆኑን ክቡርነትዎ ቢዘነጉት እንጂ አያውቁትም አልልም። ባለፈው ቅዳሜ ጣሊያኑ ለሚስቱ ጨው አቀብዪኝ የሚል በሚመስል ሁኔታ እጁን ሲዘረጋ፣ አበረ ሆዬ፣ ያን ፍንጭት ጥርስሽን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብሎ ተረጎመው። የጣሊያናዊቷ ጥርስ እኮ ግጥም ያለ ነው! ፍንጭቷ ከጎኔ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ናት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ፈገግ ስትል በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ጣሊያኑ ዝም ብሎ ሾርባውን መጠጣት ከጀመረ በኋላ እንኳ አበረ ገና አልጨረሰም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ቀንቻለሁ፤ አንጀቴ ነው ያረረው። እኔ ስለዚያ ጥርስ ከተጋባን ጀምሮ አንዲት ቃል ተንፍሼ አላውቅም፤ የማየው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ማይክሮፎኑን ከአበረ ተቀብለው ፊልሙ እንዳለ በጣሊያንኛ እንዲታይልን እለምናለሁ። ሰዎቹ የሚሉትን ባንሰማም በሰላም ወደየቤታችን እንገባለን።

የሰው ትዳር በትኬት ለሚያስጎበኘው ክበብዎ ዕድገትን የምመኝ፣ እጄን በሳሙና ስፈትግ የምውል ታዛዥዎ፣ እስከ ዛሬ የስሜነሽ ባል የሆንኩት
ባንተአምላክ

ማስታወሻ፦ እርስዎ በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ ስለሚያመልጥዎ ልንገርዎ፤ በዚያው ዕለት አበረ የትራም ነጂውን ጎረቤት አገጯ ላይ ስላለችው ማርያም የሳመቻት ምልክት ብዙ አወድሷታል። የጎረቤቷ አገጭ ላይ ግን ምንም የለም። ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ይታይሽ፣ ለአገጫቸውም ጭምር፣ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።