ጣቴ መልስ አልነበረም

ለክቡር አቶ ወርቅአገኘሁ፣
በሰቆጣ የጎልማሶች የኮምፒውተር ማጠናከሪያ ትምህርት ጣቢያ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ አልፎ አልፎ ለሚነሣው የጣቢያችን ጄኔሬተርም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከዝቋላ የመጣሁ፣ ረፋዱን ለግንበኞች ድንጋይ አቀብዬ ከሰዓት በኋላ የምማር ተማሪዎ ምሳው ነኝ። ዓርብ በበሩ ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ ስሜን ተነሳሽነት ከጎደላቸው አምስት ተማሪዎች ጋር ደርቦ፣ እስከ ሰኞ ካልተሻሻልን ከመዝገብ እንደምንሰረዝ አብሥሮኛል። የተሰረዘ ሰው ለአምስተኛ ክፍል መግቢያ ምዘና አይቀርብም፤ ምዘናውም በዓመት አንዴ ነው። እህል ውኃ እንዳያሰኘኝ ስላደረጉ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ወጪ ቀንሰውልኛል።

አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ፊደል የቆጠርኩት በአገሬ፣ በየኔታ ቢያዝን እግር ሥር ነው። እሳቸው ዘንድ ፊደሉን በስንደዶ ወይም በጣቱ ያልተከተለ አላነበበም ይባላል። በኮምፒውተሩ ላይ በምንማርበት የንባብ ጨዋታዎም ምርጫዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ፣ ጣቴ መስተዋቱን በነካ ቁጥር ጨዋታው መልስ ብሎ ተቀበለው። አንዱን ጥያቄ አንብቤ ሳልጨርስ አሥራ አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ኮከቦቼ ረገፉ፤ ጨዋታውም ወደ «ሀ ሁ» መለሰኝና አንዲት ዳክዬ እየዘለለች አይዞህ አለችኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው በዳክዬ እንዲጽናና ስለፈቀዱ እጅ እነሣለሁ።

2ኛ. እጄን ኪሴ ከትቼ ሳነብ ደግሞ፣ ቃሉን በልቤ ወደ ቤታችን ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና፣ መልሼ እስክረዳው አሥር ሰከንድ ያልፋል። ጨዋታው ዝምታዬን «ፍላጎት የለውም» ብሎ ይመዘግበዋል። እኔ ግን በዕድሜዬ በእነዚያ አሥር ሰከንዶች ውስጥ የፈለግሁትን ያህል አንድም ነገር ፈልጌ አላውቅም።

3ኛ. ከጎኔ የሚቀመጠው የባለሱቁ ልጅ ሐይደር የሳምንቱ ኮከብ ተብሎ ሲሸለም ጭብጨባዬን አልነፈግሁትም። ሳልጠይቀው ምሥጢሩን ነገረኝ፤ ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ይመጣል። «አንተ አንብብ ወንድሜ፣ እኔ ልለፍ» ብሎም ሣቀብኝ። ሰባት ደረጃ ሲያልፍ አንድ ጥያቄ አላነበበም፤ ተነሳሽነቱ ግን ከመቶ መቶ ነው።

መምህርት ይታየሽ በወረቀት አስነብበውኝ ሳልደናቀፍ መጨረሴን ሊመሰክሩልኝ ቢሮዎ ድረስ መጥተው ነበር። እርስዎ ግን ጨዋታው በሚያወጣው ሪፖርት ላይ የመምህር ቃል የሚሞላበት ቦታ እንደሌለ፣ ማሽንም እንደማያዳላ አስረዷቸው። እውነትዎን ነው፤ ያላየኝ እንዴት አድርጎ ያዳላል?

ስለዚህ ከሰኞ በፊት በመረጡት ሰዓት፣ የመረጡትን አንድ ገጽ በፊትዎ እንዳነብና በጆሮዎ እንዲሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። ካቃተኝ ስሜን በራሴ እጅ እሰርዘዋለሁ፤ እርስዎን አላደክምም።

እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ በመዝገብዎ የሚገኘው፣
የማስታወቂያ ሰሌዳዎ ትጉህ አንባቢ፣
ምሳው ደግሰው
ሰቆጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስታወቂያው ላይ «ተነሳሽነት» የሚለው ቃል «ተነሺነት» ተብሎ ተተይቧል። የፊደል ግድፈት መስሎኝ ልጠቁምዎ ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን ከወንበራቸው እንዲነሡ ለተፈረደባቸው ሰዎች የተጻፈ ነውና፣ ካስለጠፉት ሁሉ በትክክል የተጻፈው እርሱ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።