ቀድሞ የደረሰ ንፍሮ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 14። ጠዋት የተሸጠ፦ ሁለት ሻሽ፣ አንድ አንሶላ፣ የሕፃን ካልሲ። የግራ ክንዴ እብጠት ከትናንት ቀንሷል። ቁርስ፦ ግማሽ ዳቦና አንድ የተቀቀለ እንቁላል፤ አላስመለሰኝም።

ተሼዬ፣

ሁለተኛውን ሙት ዓመትህን ካወጣን ወራት አለፉ። በዚህ ደብተር የቀኑን ሥራ መጻፍ አልተውኩም። ዛሬ ግን ለአንተ የምነግርህ ስለበዛብኝ ገጹን ለአንተ ሰጥቼዋለሁ። «እንቁላል በነቢያት ጾም?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ታምሜአለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ግራ ጡቴ ላይ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰስኩ። የጨርቅ ጥቅል ስሸከም የመታኝ መስሎኝ ብዙ ቆየሁ። ነቀርሳ ነው አሉኝ። ጡቴን አነሱት፣ ከብብቴም ሥር እጢዎች አወጡ። ልጃችን ሕይወት ለቀዶ ሕክምናው ከአዳማ መጥታ ነበር፤ ሥራዋን እንዳታጣ መልሼ ላክኋት። ከዚያ ኬሞው ተጀመረ። በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጬ መድኃኒቱ በደም ሥሬ ጠብ ጠብ ሲል እውላለሁ። ሁለት ዙር ቀርቶኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ከአቦከር ሰፈር ሸዋ በር ድረስ በእግሬ እሄድ የነበረችው ሚስትህ ዛሬ ባጃጅ ትጠብቃለች። በግራ እጄ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተነግሮኛል፤ የደም ግፊት እንኳ በዚያ ክንድ አይለኩኝም። ማታ ማታ ግድግዳው ላይ በጣቶቼ እየዳህኩ እጄን ወደ ላይ አወጣለሁ፤ እንዳይደርቅ ነው። የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከቤት ያስወጣኛል። በርበሬ አፌን ያቃጥለዋል፣ ውሃ ብረት ብረት ይለኛል፣ ጥሬ ሥጋ ተከልክያለሁ። ድካሙን ግን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም። ተኝቼ እነሳለሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል።

ለባዶው የጡቴ ቦታ በራሴ እጅ ከረጢት ሰፍቼ ጡት መያዣዬ ውስጥ አስገባሁ። ጥጥ ሞላሁት፤ ቀለለና ወደ አንገቴ ወጣብኝ። ማሽላ ጨመርኩበት፣ ልክ ሆነ። ለልብስ ሰፊ መስጠት አልፈለግሁም፤ ለሰው መናገር ስላልፈለግሁ። አንተ ኩላሊትህን በታመምክ ጊዜ ሰው ሊጠይቅህ እየመጣ ገና በሕይወት እያለህ የለቅሶ ቤት ወሬ ሲያወራ አይቻለሁ። እዚህ ገበያም የነጋዴ ሕመም ከተሰማ ደንበኛው እቃውን መንካት ይፈራል። ስለዚህ ከንስሐ አባታችን ሌላ የሚያውቁት ሕይወትና የጎረቤት ሱቅ ባለቤቷ ፋጡማ ብቻ ነበሩ። ፋጡማ የግመል ወተት ታመጣልኛለች። ሳላፈላ እንዳልጠጣ ታዝዣለሁ፤ ካፈላሽው ምን ኃይል ቀረው ብላ ትቆጣኛለች፣ ከዚያ አላህ ያሽርሽ ብላ ትሄዳለች።

አሁን እንቁላሉ ጋ ደረስኩ። የንስሐ አባታችን ነገሩን ሳልጨርስላቸው ብዪ አሉኝ፤ መድኃኒት ነው፣ በእኔ ይሁንብሽ አሉ። እኔ ግን በሬን ዘግቼ ነበር የምበላው። ቅርፊቱን በፌስታል ጠቅልዬ ሸዋ በር ሚኒባስ መቆሚያው ጋ እጥል ነበር፤ ጎረቤት በጾም እንቁላል በላች እንዳይል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቀሩትን ሁለት ዙሮች ልተዋቸው ወሰንኩ። አልቅሼ አይደለም፣ እንደ ንግድ ቁጭ ብዬ አስቤው ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ ቀናት ሙሉ ከአልጋ አልነሳም፤ ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። ሱቅ በተዘጋ ቁጥር ደንበኛ ሌላ በር ይለምዳል። ሐኪሙ ካቋረጥኩ ሊመለስብኝ እንደሚችል በግልጽ ነግሮኛል፤ ሰምቻለሁ። ግን ጉልበቴ ለሁለቱም አልበቃ አለ፤ ሱቁን መረጥኩ።

በዚህ መሃል ነው የሻሹ ነገር የመጣው። ፀጉሬ መርገፍ ሲጀምር በአንተ መላጫ ጨርሼ ላጨሁት። ሱቅ ውስጥ የሌለ የሻሽ ዓይነት የለም፤ ግን ሁሉም ናይሎን ነው፣ የተላጨ ራስ ይፍቃል። ለስላሳ ጥጥ የነበረው ጥቁሩ ብቻ ነው። ጥቁሩን አሰርኩ። ባለፈው ሐሙስ የእድራችን እትዬ ዘነበች ሱቅ መጥተው አንሶላ ከታች ሳወጣላቸው ሻሹ ተንሸራተተ። ራሴን አዩት። ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ አንሶላውን ሳይገዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ወጡ። ገብቷቸዋል ብዬ ቀኑን ሙሉ ሲከብደኝ ዋለ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። «ወየው ጌታቸው!» ብለው ገቡ።

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ወታደር ቤት እንዳለ ታውቃለህ፤ ስልኩ ከተዘጋ ሰንብቷል። መርዶ ይዘው የመጡ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ እነሱም አብረውኝ አለቀሱ። አንዷ የልጅነቱን ታነሳለች፣ ሌላዋ ደረቷን ትመታለች። አግዳሚ ወንበሩ በር ላይ ደርሷል፣ ጡሩምባ ነፊው ተጠርቷል፣ ትልቅ ድስት ንፍሮ ገብቷል። እኔ የት እንደሞተ ይነግሩኛል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እነሱ ደግሞ እኔ እስክነግራቸው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ማን ነገራችሁ ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ ዘነበች ማልቀሳቸውን አቁመው አዩኝ።

«አንቺ ነሻ። ስልኩ ተዘጋ ስትይን ከርመሽ፣ ራስሽን ተላጭተሽ፣ ጥቁር አስረሽ፣ መርዶሽን ለብቻሽ ይዘሽ።»

ያኔ ገባኝ። ሻሹን አውልቄ መናገር ጀመርኩ፦ «የጌታቸውን አላውቅም። የታመምኩት እኔ ነኝ።» ጡቴን፣ መድኃኒቱን፣ ማቋረጤንም ጭምር ነገርኳቸው። አንዷ በቀስታ ነጠላዋን መልሳ በደንቡ ለበሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጡሩምባ ነፊውን የሚያስቆም ሰው ሲላክ ሰማሁ።

እትዬ ዘነበች ግን ተቆጥተው ነበር። «እኛን የምትፈልጊን ለመቃብር ብቻ ነው?» አሉኝ።

ይህን ሲሉ አንተ የሞትክ ጊዜ ትዝ አለኝ። እኚህ ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ በተራ ሲያበስሉ፣ ሲያነጥፉ፣ ከጎኔ ሲያድሩ አይቻለሁ። እንደዚያ የተደራጀ ሥራ በገበያ እንኳ አላየሁም። ሁሉም ተደርጎልህ አንተ አንዱንም አላየህም። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ተናገርኩ፤ እንዳያቋርጡኝ ፈርቼ ቶሎ ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ለቀብሬ የምትሰጡኝን ተራ አሁን ስጡኝና የቀሩትን ዙሮች ልጨርስ። በመድኃኒቱ ሳምንት አንድ አንድ ሰው። ስሞት ደግማችሁ አትምጡ።»

አንዷ አማተበች፤ ምን ያለ ሟርት ነው አለች። ሌላዋ የእድሩ ደንብ ለሞተ ነው፣ ለታመመ መጠየቅ ብቻ ነው ብላ ተከራከረች። ለሞተ የሠራችሁትን ማን ያያል አልኳት። ተከራከሩ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ስለ እኔ በእኔ ቤት እኔን ረስተው ተነታረኩ። ድካሜ መጣና ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እትዬ ዘነበች ተራ እየደለደሉ ነበር፤ ማን ያጅበኛል፣ ማን ያድራል፣ ማን ከፋጡማ ጋር ሱቅ ይቆማል። ወደ እኔ ዞረው፣ ስትሞቺም መምጣታችን አይቀርም፣ አንቺ አትከለክይንም አሉ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ንፍሮው ብቻ ቀረ። ለለቅሶ የተቀቀለ ወደ ቤት አይመለስም ተባለ፤ መጣሉም ነውር ሆነ። ተቀምጠን በላነው። ሰው በሕይወት እያለ ንፍሮውን መብላት ሟርት እንዳይሆን ብለው በየጉርሻው ጌታቸውን እግዚአብሔር ይጠብቀው እያሉ ነበር። እኔም በላሁ፤ ከሳምንታት በኋላ አፌ ወዶ የተቀበለው የመጀመሪያው ምግብ ነው። ጌታቸው ቅዳሜ ደወለ፤ ምድቡን ቀይረውት ኔትወርክ የሌለበት ነበር። ስነግረው፣ ጨው ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሳቅሁ በኋላ ብዙ አለቀስኩ።

አትሳሳት፣ ነገሩ ቀለለ እያልኩህ አይደለም። ሰው በቤቴ ሲበዛም ይደክመኛል። ትናንት ያደረችልኝ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ አደረች፤ ዝም በይ ለማለት አፍሬ እኔም ሳልተኛ ነጋ። እንቁላሌን አሁን በሬን ሳልዘጋ እበላለሁ፤ እትዬ ዘነበች ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ግን የቀቀሉት እሳቸው ናቸው።

ከትምህርት ቤት ሥራህ መልስ ሱቅ ገብተህ ጨርቅ ስትለካ ክንድህ ረጅም ስለሆነ ለሰው ሁሉ ስንዝር እየጨመርክ ትሰጥ ነበር። እቆጣህ ነበር። አሁን እኔ ስለካ በአንድ እጄ ነው፤ እሱም ሲደክመው የአንተን አለካክ አስባለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ከሰጠኝ በየሙት ዓመትህ ስምህን አስጠራለሁ፤ ካልሰጠኝም ለሕይወት አደራ ብያታለሁ። በዚህ አትስጋ።

ነገ፦ ጠዋት በአንድ ሰዓት ለደም ምርመራ ሆስፒታል። የደም ሕዋሴ ቁጥር ከበቃ መድኃኒቱ በዚያው ይሰጣል። አጃቢ እትዬ ዘነበች። ውሃና ብርድ ልብስ መያዝ።